ሰፊ ስክሪን እና ሌተርቦክስ በቪዲዮ ኤዲቲንግ

የምስል ምጥጥን የሚባለው የአንድ ፍሬም (የምስል ክፈፍ) ወርድ ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው ቁጥር ነው። የዛሬው ቴሌቪዥን 16 ለ 9 ነው፤ የቀድሞው 4 ለ 3 ነበር፤ ሰፊው የሲኒማ ፍሬም ደግሞ 2.39 ለ 1 ይደርሳል። ምስሉና ስክሪኑ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ኤዲተሩ ምስሉን ከመለጠጥ፣ ጠርዙን ከመቁረጥ ወይም የተረፈውን ቦታ በጥቁር ከመሙላት አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። ጥቁሩ ከላይና ከታች ሲሆን ሌተርቦክስ፣ ከግራና ከቀኝ ሲሆን ፒላርቦክስ ይባላል። የመጀመሪያው ስም የመጣው በምዕራባውያን ቤት በር ላይ ካለው ጠባብ የደብዳቤ ማስገቢያ ስለሆነ፣ ደብዳቤውን ከፖስታ ቤት ሳጥን ሲቀበል ለኖረ አንባቢ እምብዛም ምስል አይፈጥርም።

የልዩነቱ ምንጭ ሲኒማ ከቴሌቪዥን ጋር የገባው ፉክክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የሆሊውድ ስቱዲዮዎች 1.37 ለ 1 የሆነውን ፍሬም መደበኛ አድርገው ነበር፤ ቴሌቪዥንም ለዚሁ የቀረበውን 4 ለ 3 ያዘ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተመልካቹ ቤቱ መቅረት ሲጀምር ስቱዲዮዎቹ ሳሎን ውስጥ የማይገኝ ስፋት ይዘው መጡ። ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ በ1953 ያስተዋወቀው ሲኒማስኮፕ፣ ሰፊውን ትዕይንት በልዩ ሌንስ ከጎን ከጎኑ ጨምቆ በተለመደው ፊልም ላይ ይቀርጽና በማሳያው ላይ መልሶ ይዘረጋው ነበር። እነዚህ ፊልሞች በኋላ ወደ ቴሌቪዥን ሲመጡ ግን የጥቁር መስመር ጥላቻ ስለነበረ ጎናቸው ይቆረጥ ጀመር፤ 2.39 ለ 1 የሆነ ምስል 4 ለ 3ን እንዲሞላ ሲደረግ 44 በመቶ ያህሉ ይጠፋል። ሁለት ሰዎች በፍሬሙ ሁለት ዳር ቆመው በሚነጋገሩበት ትዕይንት አንዱ ከነጭራሹ አይታይም ማለት ነው። ጥቁሩን መስመር የምስል መቀነሻ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ይህን ቢያይ ሐሳቡን ይለውጣል።

16 ለ 9 ራሱ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። የአሜሪካው ኢንጂነር ከርንስ ፓወርስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሥራ ላይ የነበሩትን ምጥጥኖች አንድ ላይ አነጻጽሮ፣ ከ4 ለ 3ም፣ በጊዜው የሰፊ ሲኒማ ምጥጥን ተብሎ ከተወሰደው 2.35 ለ 1ም በተመጣጣኝ ርቀት የሚገኘውን ቅርጽ አቀረበ። ለሁሉም በመጠኑ የሚመች፣ ለማንም ሙሉ በሙሉ የማይገጥም አማካይ ነው።

በኤዲቲንግ ላይ ስሌቱ ቀላል ነው። ወርዱ 1920 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ከሆነ ለ2.39 የሚያስፈልገው ቁመት 803 ገደማ ነው፤ ብዙዎቹ የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴዎች ጎደሎ ቁጥር ስለማይቀበሉ 804 ይወሰዳል። ከ1080 ሲቀነስ ከላይም ከታችም 138 ፒክስል ጥቁር ይቀራል። በ3840 በ2160 ሲሠራ ደግሞ ቁመቱ 1608፣ መስመሮቹ እያንዳንዳቸው 276 ይሆናሉ። ቀረጻው በ16 ለ 9 ከሆነ ከመስመሩ በስተጀርባ የተደበቀ ምስል ስላለ፣ የተዋናዩ ራስ ከተቆረጠ ሾቱን (ያንን የቀረጻ ቁራጭ) ወደ ታች አውርዶ ማስተካከል ይቻላል። ይህን በእያንዳንዱ ሾት ላይ ሳያደርጉ ጥቁሩን ብቻ ደርቦ መተው በጀማሪዎች ሥራ ላይ ጎልቶ የሚታይ ግድፈት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መስመሩን ከምስሉ ጋር አትሞ ኤክስፖርት ማድረግ (የመጨረሻውን ፋይል ማውጣት) ነው። ለኢንተርኔት የሚሄድ ሥራ ሲኩዌንሱ (ሾቶቹ የሚደረደሩበት የሥራ ፍሬም) ራሱ 1920 በ804 ቢሆን፣ ዩቲዩብን የመሰሉ ማጫወቻዎች ጥቁሩን እንደየስክሪኑ ራሳቸው ይጨምራሉ። መስመሩ የታተመበት ፋይል ግን ከ16 ለ 9 በሚሰፋ ስልክ ላይ ሲከፈት በአራቱም ጎን ጥቁር ይከበብና ምስሉ መሀል ላይ እንደ ቴምብር አንሶ ይቀራል። ሲኒማ ቤት የሚገባው ቅጂ ደግሞ 2048 በ858 ስለሆነ ጥቁር የሚባል ነገር የለውም፤ የትርጉም ጽሑፉን በታችኛው መስመር ላይ ያሳረፈ ኤዲተር እዚያ ሲደርስ ጽሑፉን ያጣዋል። መስመሩ መታተም ያለበት ተቀባዩ ጣቢያ 1920 በ1080 የሆነ ፋይል ሲጠይቅ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንስቶ ለአሥርት ዓመታት ያሰራጨው በ4 ለ 3 ስለነበር፣ የቆዩ የአማርኛ ድራማዎችና የሙዚቃ ክሊፖች ጉዳይ የሚነሳው ከፒላርቦክስ ጋር ነው። በ1080 ፍሬም ውስጥ 1440 ፒክስል ወርድ ይዘው በግራና በቀኝ 240 ጥቁር ሊኖራቸው ይገባል። ኢንተርኔት ላይ ግን ብዙዎቹ ስክሪኑን እንዲሞሉ ተለጥጠው ይገኛሉ፤ ወርዳቸው በሢሶ ስለሚጨምር ክቡ ሞሰብ ሞላላ፣ ዘፋኙም ድንክ ይሆናል። ከላይና ከታች ቆርጦ መሙላትም ቢሆን ከምስሉ ሩብ ይወስዳል፤ በአብዛኛው የሚሄደውም የእስክስታው እግር ወይም የጭፈራው መሬት ነው።

ለስልክ በሚዘጋጀው 9 ለ 16 ደግሞ ሒሳቡ ይገለበጣል። 1080 በ1920 ውስጥ የተቀመጠ የ16 ለ 9 ምስል ቁመቱ 608 ገደማ ብቻ ስለሆነ የስክሪኑን ሢሶ እንኳ አይሞላም፤ ባዶውን የዚያኑ ምስል ድብዝዝ ቅጂ አስፍቶ መሙላት የተለመደውም ለዚህ ነው።