«ፈርመሃል፣ አለቀ»፦ በጎንደር ስለ ሰፈር ፕላን ማሻሻያ ውይይት የሚነገሩ ስህተቶች

«የአካባቢያችሁ ልማት ፕላን ሊሻሻል ስለሆነ ለውይይት ትፈለጋላችሁ» የሚል ማስታወቂያ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ፣ ግማሹ ሰው «ያለቀ ነገር ነው» ብሎ ይቀራል። የሄደውም አብዛኛው ስለ ውሃ መቆራረጥ አማርሮ ይመለሳል። በዕድር ጸሐፊነቴ እንዲህ ካሉ ስብሰባዎች ቀርቼ አላውቅም፤ አዳራሽ ውስጥም ከአዳራሽ ውጭም ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች አሉ።

«ማስተር ፕላኑ ጸድቆ የለም እንዴ? ከዚህ በኋላ ምን ውይይት ያስፈልጋል?»

ሁለት ፕላኖች እየተምታቱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት የከተማውን አጠቃላይ አቅጣጫ የሚያስቀምጠው፣ ሰው «ማስተር ፕላን» የሚለው፣ መዋቅራዊ ፕላን ሲሆን ለ10 ዓመት ያገለግላል። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወደ ሰፈር ወርዶ የሕንፃውን ከፍታ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱን፣ አረንጓዴ ቦታውንና መልሶ የሚለማውን ይለያል። መዋቅራዊው ፕላን አዘዞን ከፒያሳ ስለማገናኘት ቢያወራ፣ መንገዱ የማንን አጥር እንደሚነካ የሚታየው በሁለተኛው ነው።

«ከፈረምኩ ተስማምቻለሁ ማለት ነው።»

በአዳራሹ በር ላይ የሚፈረመው የመገኘት መዝገብ ነው፤ ተገኝተዋል ከማለት አያልፍም። ታዲያ ራስጌውን ሳያነቡ መፈረም አይገባም። አንድ ቀን ወረቀቱ ከኋላ ወንበር እየተላለፈ እኔ ዘንድ ሲደርስ የላይኛው ጠርዝ ታጥፎ ነበር። ብገልጠው «በቀረበው ማሻሻያ የተስማሙ ነዋሪዎች» ይላል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቀድመው ፈርመዋል። «ምን ላይ ፈረሙ፣ እማማ?» ብላቸው፣ «መምጣቴን ነዋ፣ ልጄ!» አሉኝ። እጄን አውጥቼ ራስጌው ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ጠየቅሁ። ሲነበብ አዳራሹ አጉረመረመ፤ አዲስ ወረቀት መጣ። ተንኮል ነበረበት ብዬ አልምልም፤ ከሌላ ስብሰባ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። የእማማ ስም ግን ተስማሚዎች ዝርዝር ውስጥ ሊቀር ነበር።

የዚህ ስህተት ሌላው ገጽ ደግሞ «ዝም ካልኩ ተቃውሜያለሁ» የሚለው ነው። ዝምታ ቃለ ጉባኤ ላይ አይጻፍም። የተናገሩትም ቢሆን «ነዋሪዎች ልዩ ልዩ ሐሳብ ሰጥተዋል» በምትል አንዲት መስመር ተጠቅልሎ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ስብሰባው ሳይበተን ቃለ ጉባኤው እንዲነበብ መጠየቅ ነው። ከዚያ የሚሻለው ሐሳብን በጽሑፍ ለመዝገብ ቤት ማስገባትና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ቤት ማስቀመጥ ነው።

«ካርታ የሌለውን አይመለከተውም።»

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። የይዞታ ካርታ ያለው ብቻ አላለም። የቀበሌ ቤት ተከራዩም፣ ቅዳሜ ገበያ በረንዳ ላይ በርበሬ የምትቸረችረውም ይመለከታቸዋል።

የካሳ ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። «ዛሬ ካሳ ሊነገረን ነው» ብሎ የሚመጣ ሰው ቅር ብሎት ይመለሳል። ካሳ የራሱ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስለ ካሳና ስለ ተነሺዎች መልሶ መቋቋም የወጣ ነው። ፕላኑ ሲሻሻል የሚጠየቀው «ምን ይሁን? የት ይሁን?» ነው፤ «ስንት ይከፈለኛል?» የሚለው ኋላ ይመጣል።

«ብዙዎቻችን ከተቃወምን ይቀራል።»

ውይይት ምርጫ አይደለም፤ እጅ ተቆጥሮ አይወሰንም። መቶ ሰው «አንፈልግም» ቢል ባለሙያው የሚጽፈው ያንኑ አንድ ቃል ነው። አንድ ሰው «ይህ መንገድ ምንጩን ያቋርጣል» ካለ ግን መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ሆነ ማለት ነው። መልሱም በጽሑፍ ቢጠየቅ መልካም ነው።

በጣም የምጠላው ግን «ፕላን የባለሙያ ሥራ ነው፣ እኛ ምን እናውቃለን» የሚለውን ነው። ፋሲል ግቢ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ በዙሪያው የሚነሣ ሕንፃ የቅርስ ባለሙያ ዓይን ያስፈልገዋል፤ ይህ እውነት ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ሕዝቡ የት ላይ እንደሚጨናነቅ፣ የለቅሶ ድንኳን የት እንደሚተከል፣ ክረምት ጎርፉ በየትኛው ጓሮ አቋርጦ ወደ ቀሃ ወንዝ እንደሚገባ የሚያውቀው ግን ነዋሪው ነው። ባለፈው አንድ አዛውንት ከወንበራቸው ተነሥተው ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ካርታ ተጠጉና አረንጓዴ የተቀባውን ቦታ በከዘራቸው ነኩት። «መናፈሻ ያላችሁት ይህ ሐምሌ ላይ ወንዝ ነው» አሉ። ወጣቱ ባለሙያ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ፣ «ከየት ነው የሚጀምረው፣ አባባ? ያሳዩኝ» አላቸው።