የቁስ ሁነት ምንድን ነው? ከቡታጋዝ ሲሊንደር እንጀምር

ቡታጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ፈሳሽ ነው። ሲሊንደሩ ሲነሳ ውስጡ ሲንቦጫረቅ የሚሰማው ለዚህ ነው። ምድጃው ላይ የሚነደው ግን ጋዝ ነው። ቁሱ ያው ነው፤ የተለወጠው ሁነቱ ነው።

ቦታ የሚይዝና ክብደት ያለው ነገር ሁሉ ቁስ ነው። ጠጣር፣ ፈሳሽ ወይም ጋዝ የሚያሰኘው የጥቃቅን ቅንጣቶቹ አያያዝ ነው። በጠጣር ውስጥ ቅንጣቶቹ ተያይዘው እዚያው በቦታቸው ይንቀጠቀጣሉ። ድንጋይ የትም ቢቀመጥ ቅርጹን የማይቀይረው በዚህ ምክንያት ነው። በፈሳሽ ውስጥ ብዙም ሳይራራቁ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ዘይት የተቀዳበትን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል፤ አንድ ሊትሩ ግን በጠርሙስም በድስትም አንድ ሊትር ነው። የጋዝ ቅንጣቶች ተራርቀው በየአቅጣጫው ስለሚሮጡ ያገኙትን ቦታ ሁሉ ይሞላሉ። በመሃላቸው ብዙ ባዶ ቦታ ስላለም ጋዝን ማመቅ ይቻላል።

ብዙ ሰው ሁነትን የሚወስነው ሙቀት ብቻ ይመስለዋል። ግፊትም አለ፤ ለእኔ የዚህ ትምህርት ጣፋጩ ክፍል ይሄ ነው። ቡታጋዝ ውስጥ ካሉት ቁሶች አንዱ ቡቴን ነው። ቡቴን በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ስለዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ክፍት ዕቃ ላይ ቢፈስ ቶሎ ተንኖ ያልቃል። ሲሊንደሩ ውስጥ ግን ስለታመቀ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ወደ ጋዝ ሲለወጥ ከ200 እጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ፣ ያን ሁሉ ጋዝ በአንድ ሲሊንደር ማምጣት የተቻለው በፈሳሽነቱ ነው።

ረጅም ሰዓት ሲበሰልበት ሲሊንደሩን ዳሰስ ብታደርጉት ይቀዘቅዛል። ፈሳሹ ጋዝ ለመሆን ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱን ከራሱና ከብረቱ ይወስዳል። አንዳንዴ ላዩ ላይ የውኃ ጠብታ ይታያል። ያ ደግሞ በወጥ ቤቱ አየር ውስጥ የነበረው ተን ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሲሆን ነው።

ግፊት ሲቀንስስ? ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፤ ውኃው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ከዚያ በኋላ እሳት ቢጨመር ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ሽምብራና ባቄላ ደጋ ላይ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ፕሬዠር ኩከር ተኑን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ውኃው ከዚያ በላይ ይሞቃል።

አራተኛ ሁነትም አለ፤ ፕላዝማ ይባላል። ጋዝ እጅግ ሲሞቅ ወይም ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ከአተሞቹ ኤሌክትሮኖች ይላቀቃሉ። ፀሐይና መብረቅ እንዲህ ናቸው።

ወደ ሲሊንደሩ ስንመለስ፣ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ከተጋደመ በቫልቩ በኩል ጋዙ ሳይሆን ፈሳሹ ሊወጣ ይችላል። ያፈተለከ ቡታጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። ሽታው ከመጣ ቫልቩን ዝጉ፣ በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፤ መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ።