«ቁልፉ አልቋል» ከማለት በፊት፦ ስለ ባለብዙ ምላስ የበር ቁልፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ በሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች፣ በጓጉንቸር የሚዘጋው የላሜራ በር ቦታውን ለአልሙኒየም በርና በተለምዶ «የቱርክ በር» ለሚባለው ወፍራም የብረት በር እየለቀቀ ነው። ከእነዚህ በሮች ብዙዎቹ የሚቆለፉት በአንድ ምላስ አይደለም፤ በመዝጊያው ጠርዝ ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ ዘንግ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ያሉትን ምላሶች ወይም መንጠቆዎች በአንድ ጊዜ ወደ መቃኑ ያስገባቸዋል። ይሁን እንጂ ስለ አሮጌው ቁልፍ የምናውቀውን ይዘን ወደዚህኛው ስለምንመጣ ብዙ ገንዘብ ያለ አግባብ ይወጣል።

«እጀታው ከከበደ ቁልፉ አልቋል።»

ከሁሉም በላይ የሚያስከስረው አባባል ይህ ነው። ባለፈው ኅዳር በደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር የሚገኘው የአክስቴ ቤት በር ጠዋት ጠዋት አልቆለፍ እያለ አስቸገረ፤ ምላሶቹን ለማስገባት እጀታውን ወደ ላይ ማንሣት ሁለት እጅ ይጠይቅ ነበር። የተጠራው ባለሙያ ሙሉው ቁልፍ ካልተቀየረ አይሆንም ብሎ ዋጋ ነግሮ ሄደ። እርሱ ከሄደ በኋላ በሩን ወለል አድርገን ከፍተን እጀታውን ብናነሣው በአንድ ጣት ተነሣ፤ ሦስቱም ምላሶች ያለ ምንም ትግል ወጡ። ወደ መቃኑ ዞረን ስናይ፣ የታችኛው መንጠቆ የሚገባበት ቀዳዳ የታች ከንፈር ተፍቆ ያብረቀርቃል። መዝጊያው በክብደቱ ከማጠፊያው ዝቅ ብሎ ነበር። በባለስድስት ማዕዘን መፍቻ ማጠፊያውን አስተካክለን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ስናደርገው ነገሩ አለቀ።

ጠዋት ላይ ብቻ የሚብስበትም ምክንያት አለው። አልሙኒየም በ2 ሜትር ርዝመት ላይ የ20 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ሲያገኘው ወደ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ውርጭ ባደረበት ሌሊት የመዝጊያው የውጭ ገጽ ሲቀዘቅዝ የውስጡ ከቤቱ ሙቀት ጋር ስለሚቆይ መዝጊያው በትንሹ ይጎብጣል፤ ቀድሞውኑ ዝቅ ያለ በር ደግሞ መቃኑን ለመንካት ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። ሸዋ ሮቢት ቆላ ውስጥ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው በር ችግሩን ከቀትር በኋላ ያሳያል፤ የእንጨት በር ደግሞ በክረምት እርጥበት ያብጣል። ስለዚህ ፍርዱ የሚሰጠው በሩ ተከፍቶ ነው፦ ሲከፈት ቀሎ ሲዘጋ ከከበደ ጥፋቱ የማጠፊያው ወይም የመቃኑ ነው፤ ተከፍቶም ከከበደ ግን እጀታው የሚገባበት የመሐሉ ሳጥን ደርቋል ወይም ተበልቷል ማለት ነው። የተበላውንም ቢሆን ተመሳሳዩ ከተገኘ ዘንጉን ሳይነኩ ለብቻው መለወጥ ይቻላል። እጀታውን በጉልበት መጫን የመሐሉን ሳጥን ሊሰብር ይችላል፤ በሩ እንደተቆለፈ ከተሰበረ ደግሞ መቦርቦር ይመጣል።

«መክፈቻ ከጠፋ ሙሉው ቁልፍ ይለወጣል።»

የሚለወጠው ሲሊንደሩ፣ ማለትም መክፈቻው የሚገባበት ክፍል ብቻ ነው። ከመክፈቻዎቹ አንዱ ጠፍቶ ቢያሰጋዎ፣ በሩን ከፍተው በመዝጊያው ጠርዝ ላይ በሲሊንደሩ ትይዩ ያለችውን ረጅም ብሎን በካቻቢቴ ይፍቱ፤ የቀረውን መክፈቻ አስገብተው ጥቂት ያዘንብሉና ሲሊንደሩን ገፍተው ያውጡ። መክፈቻው ካልዘነበለ ከሲሊንደሩ ሆድ የምትወጣው ጥርስ አታሳልፍም። ርዝመቱ የሚለካው ከብሎኗ ቀዳዳ መሐል ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ለየብቻ ነው፤ ስለዚህ 30 በ30 እና 30 በ40 ሚሊ ሜትር የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ከእጀታው ሽፋን ወደ ውጭ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የተረፈ ሲሊንደር በመፍቻ ተይዞ ሊሰበር ይችላልና ረጅሙን «ለማንኛውም» ብሎ መግዛት ሌባን መጋበዝ ነው።

«ቁመቱ እኩል ከሆነ ይገጥማል።»

አይገጥምም። ቢያንስ አራት ልኮች መመሳሰል አለባቸው፦ ከእጀታው ቀዳዳ መሐል እስከ ሲሊንደሩ መሐል ያለው ርቀት (72፣ 85 እና 92 ሚሊ ሜትር በብዛት ይገኛሉ)፣ ከዘንጉ ፊት እስከ እጀታው ቀዳዳ መሐል ያለው ጥልቀት፣ የዘንጉ ስፋት (ለምሳሌ 16 ወይም 20 ሚሊ ሜትር)፣ እንዲሁም የምላሶቹ እርስ በርስ ርቀት። አሮጌውን ፈትቶ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል። መርካቶ ድረስ ለሚልክ ሰው ደግሞ ከጎኑ ሜትር ተዘርግቶ የተነሣ ፎቶ መሄጃው ብቻ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከሆነ ምልልስ ያድናል።

«ምላስ በበዛ ቁጥር ቤቱ ይጠነክራል።»

ምላሱ የሚይዘው መቃኑን ነው፤ መቃኑን የሚይዘው ደግሞ ግድግዳው። በእንጨትና ጭቃ ግድግዳ ላይ በጥቂት ምስማር የቆመ መቃን አምስት ምላስ ቢገባበትም አንድ ላይ ተነቅሎ ይወጣል። በእኔ አስተያየት እንዲህ ባለ ቤት ገንዘቡ አስቀድሞ መውጣት ያለበት ለመቃኑ ነው። መቃኑንም ሆነ መዝጊያውን የሚያጠናክረው በያጅ ከሆነ ቁልፉ አስቀድሞ ይፈታ፤ የብየዳ ሙቀትና ፍንጣሪ ሲሊንደሩን ያበላሸዋል።

«በሩ ከተዘጋ ተቆልፏል።»

እጀታው ወደ ላይ በሚነሣበት ዓይነት፣ በሩ ገጭ ብሎ ሲዘጋ የሚይዘው የመሐሉ ተንሸራታች ምላስ ብቻ ነው። እጀታው እስካልተነሣ ድረስ መንጠቆዎቹ ሥራ ላይ አይደሉም፤ ተነሥቶም በመክፈቻው እስካልተዞረ ድረስ በሩ አልተቆለፈም።

«ሲደርቅ ማንኛውም ዘይት ይበቃዋል።»

የምግብ ዘይት ይጣበቃል፣ አቧራም ይሰበስባል። ለምላሶቹና ለመንጠቆዎቹ ጥቂት ግሪስ፣ ለሲሊንደሩ ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ይስማማል።

«ከውስጥ ቆልፎ መክፈቻውን ነቅሎ መተኛት ደኅና ነው።»

በደጋው ብርድ ከሰል አስገብቶ የሚያድር ቤት ጥቂት አይደለም። የከሰል ጭስ የሚያደክመው ሰው በጨለማ መክፈቻ ሊፈልግ አይችልም። መክፈቻው ከውስጥ ተሰክቶ ቢያድርም፣ በብዙ ተራ ሲሊንደሮች ላይ ሊረዳ የመጣ ሰው ከውጭ መክፈት አይችልም። ከውስጥ በጣት የሚዞር ሲሊንደር ሁለቱንም ያቃልላል፤ ከጎኑ መስታወት ያለበት በር ከሆነ ግን ሌባ መስታወቱን ሰብሮ እጁን እንዳያስገባ ፍርግርጉን አስቀድሞ ማሠራት ይገባል።