በመስኮት ሆና

ጥምቀት ካለፈ በኋላም አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ አለኝ። ጥር 10፣ የከተራ ዕለት፣ እዚህ ጅማ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ አጠገቤ ወጣቶች ቆመው ነበር። ነጠላቸው ንጹሕ፣ የሐበሻ ልብሳቸው ያማረ። ታቦቱ ሲደርስ ሁሉም ስልካቸውን ከፍ አደረጉ። እልል ያለ የለም። ያጨበጨበ የለም። ታቦቱ እንዳለፈ "ቪዲዮው ጥሩ ወጣ?" ተባባሉ። አዘንኩ። እነሱን ልወቅስ ስል ግን የራሴ ልጅነት ትዝ አለኝ።

እናቴ ቡና ለቃሚ ነበረች። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብላ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ትውላለች። ጥር ደግሞ ሥራው የሚበረታበት ጊዜ ነው። ቢሆንም የጥምቀትን ሦስት ቀን ለማንም አትሰጥም። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ከታቦቱ ኋላ አትጠፋም። እልልታዋ ከአንጀቷ ነው የሚወጣው። ጥር 12 ማታ ድምፅዋ ተዘግቶ በምልክት ነበር የምታናግረን።

በ15 ዓመቴ አፈርኩባት። የክፍል ጓደኞቼ ቆመው ያያሉ። ነጠላዋን ጎተት አድርጌ "እማዬ፣ ቀስ በይ እንጂ፤ ሰው እያየን ነው" አልኳት። ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። "ሰውማ በየቀኑ ያየኛል" ብላ እልልታዋን ቀጠለች።

2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6ን ባነበብኩ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ሁላችንም በታቦቱ ፊት የዘለለውን ዳዊትን እንወዳለን። እኔን ግን የሚይዘኝ ቁጥር 16 ነው። የሳኦል ልጅ ሜልኮል በመስኮት ሆና ተመለከተች፣ በልብዋም ናቀችው ይላል። ልብ በሉ፣ ሜልኮል ሩቅ አልነበረችም። ታቦቱ ዓይኗ ሥር ነው የገባው። ሁሉንም አይታለች። ግን አልወረደችም። ባሏ ንጉሥ ሆኖ የበፍታ ኤፉድ ለብሶ ከሕዝቡ ጋር ሲዘልል፣ እሷ ክብሩ ተዋረደ ብላ ተናደደች። እኔም ያን ዕለት የእናቴን ነጠላ የጎተትኩት በሜልኮል እጅ ነው። የዛሬው መስኮታችን ደግሞ በኪሳችን የምንይዘው ሆኗል። ወገኖቼ፣ እባካችሁ እንውረድ!

እንዲሁ እንጩህ ማለቴ አይደለም። ዝማሬያችን ሥርዓት አለው፤ ወረቡም ሽብሸባውም ልክ አለው። ግን ሥርዓቱን ያቆየልን ቅዱስ ያሬድ ራሱ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ደሙ ሲፈስ አልታወቀውም። ንጉሡም በዜማው ተመስጦ አላስተዋለም። መዝሙረኛውስ በመዝሙር 46 "እጆቻችሁን አጨብጭቡ፥ በደስታ ቃልም ለእግዚአብሔር እልል በሉ" አለ እንጂ በልባችሁ ያዙት አለ?

"ሐዘን ላይ ነኝ፣ በየትኛው አፌ እልል ልበል?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አባቴ በሞተ ዓመት እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች ወጣች። ታቦቱ ሲመጣ እንባዋ እየወረደ እልል አለች። ጎረቤት አማት። "ሐዘንተኛ እልል ትላለች እንዴ?" ተባለ። ማታ ቤት ገብተን ስጠይቃት "ባሌ ቢሞት ጌታዬ ሞተ እንዴ?" አለችኝ። እናንተም እንባችሁ እስኪደርቅ አትጠብቁ። እንደ ሆናችሁ ኑ። እልልታችሁ ሳግ ቢቆራርጠውም ኑ፤ እሱ ይሰማዋል።

ዘንድሮ እናቴ ጉልበቷ ስለደከመ መንገድ ዳር ወንበር አውጥተንላት ተቀመጠች። በቃና ዘገሊላ ታቦቱ ሲመለስ ልትነሣ ሞከረች፤ አልቻለችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ እዚያው ጀመረች። መሀል ላይ ትንፋሿ ከዳት። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና እኔ ቀጠልኩላት።