አሮጌ የቤዝቦል ካርድ ግሬድ ማስደረግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ የሚኖር ሰው የገዛውን አሮጌ ቤት ጣሪያ ሥር ሲያጸዳ፣ ወይም የሟች ዕቃ ከሚሸጥበት ግቢ አንድ ካርቶን በጥቂት ዶላር ገዝቶ ሲመለስ፣ በላስቲክ የታሰሩ የቤዝቦል ተጫዋቾች ካርዶች ቢያገኝ ብርቅ አይደለም። ቤዝቦል እያየን ላላደግነው ለእኛ የተጫዋቾቹ ፊት ሁሉ አንድ ይመስለናል። ወዲያው ግን አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ብቅ ይልና «ቶሎ ብለህ ግሬድ አስደርገው» ይላል። ግሬድ ማስደረግ ማለት ካርዱን እንደ ፒኤስኤ፣ ኤስጂሲ ወይም ቤኬት ላሉ ኩባንያዎች ልኮ እውነተኛነቱን ማስመርመር፣ ከ1 እስከ 10 በሚሄድ መለኪያ ደረጃ ማሰጠት፣ ከዚያም ካልተሰበረ በማይከፈት የፕላስቲክ መያዣ ታሽጎ መቀበል ነው። አገልግሎቱ ጥቅም እንዳለው አልክድም። ነገር ግን የሚገዛው ሰው የሚያመነታው በምን ላይ እንደሆነ ሳይጠይቁ መላክ ገንዘብን ያለ ሂሳብ ማውጣት ነው፤ የምንከፍለው የገዢውን ጥርጣሬ ለማንሣት ነውና። የሚነሣ ጥርጣሬ ከሌለ፣ ወይም ጥርጣሬው ከክፍያው ያነሰ ከሆነ፣ ካርዱን ባለበት መተው ይሻላል።

«ካርዱ አሮጌ ስለሆነ ውድ ነው፤ ስለዚህ መላክ አለበት።»

ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ የታተሙት ካርዶች ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሆኖም አሳታሚዎቹ ገበያው ከሚሸከመው በላይ ስላተሙና ገዢውም «አንድ ቀን ሀብት ይሆናል» እያለ በንጽሕና ስላስቀመጣቸው፣ አብዛኞቹ ዛሬ የፖስታውን ዋጋ እንኳ አያወጡም። በአንጻሩ በ1909 እና በ1911 መካከል ከሲጋራ ፓኬት ጋር የወጡት፣ ሰብሳቢዎች ቲ206 የሚሏቸው ካርዶች፣ ወይም በ1933 ጎውዲ የተባለው የማስቲካ ኩባንያ ያወጣቸው፣ የሚፈለጉበት ምክንያት ሌላ ነው። ልጆች ተጫወቱባቸው፣ በደብተር ላይ ለጠፏቸው፣ እናቶች ጣሏቸው፤ የተረፉት ጥቂቶች ናቸው። ቶፕስ የተባለው የካርድ አሳታሚ የ1952 ካርዶቹን የመጨረሻ ክፍል ሳይሸጥ ቀርቶበት፣ የተረፈውን ኋላ ላይ በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ መጣሉ በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ታሪክ ነው። በነዚህ የጥንት ስብስቦች ውስጥም ቢሆን እምብዛም ያልታወቀ ተጫዋች ካርድ ከግሬድ ክፍያው በታች ሊሸጥ ይችላል።

«የታጠፈና ያረጀ ካርድ አይላክም፤ የሚላከው እንከን የለሹ ነው።»

ይህ ለአዲስ ካርድ ይሠራል፤ ለጥንታዊ ካርድ ግን ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። በ1952 ቶፕስ ያወጣው 311ኛው ቁጥር፣ የሚኪ ማንትል ካርድ፣ ማዕዘኑ ዶልዱሞና መሃሉ ታጥፎ ዝቅተኛውን ደረጃ 1 ቢያገኝ እንኳ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ከ10 ደረጃ 3 ብቻ ያገኘ የሆነስ ዋግነር ቲ206 ካርድ በ2021 ከ6.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። ገዢው እዚህ ላይ የሚፈራው እጥፋቱን አይደለም፤ እጥፋቱንማ በዓይኑ ያየዋል። የሚፈራው ሐሰተኛ ካርድ እንዳይሆን ነው፤ ይህንን ፍርሃት የሚያነሣለት ደግሞ የመርማሪው ማረጋገጫ ነው።

ከመላክ በፊት በቤት ውስጥ የሚሠራ ምርመራም አለ። ቶፕስ ራሱ የ1952ቱን ስብስብ በ1983 እንደገና አትሞታል፤ ብዙ ሰውም ያንን እትም ይዞ «ማንትል አገኘሁ» ብሎ ጮቤ ይረግጣል። ማስመሪያ አውጥቶ መለካት በቂ ነው። የመጀመሪያው ካርድ ወርዱ 6.7፣ ቁመቱ 9.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የ1983ቱ ግን ከ1957 ወዲህ በተለመደው መጠን፣ ማለትም 6.4 በ8.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ የተሠራ ነው፤ በጀርባውም ዳግም እትም መሆኑ ተጽፎበታል። ለሲጋራ ዘመን ካርዶች ደግሞ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚበራ ትንሽ አልትራቫዮሌት መብራት ይረዳል። ወረቀትን ነጭ የሚያስመስሉ ኬሚካሎች በወረቀት ሥራ የተለመዱት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመሆኑ፣ የ1910 ነው የተባለ ካርድ በዚያ ብርሃን ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቦግ ካለ መላክም አያስፈልግም። ባያበራ ግን እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ አጭበርባሪም አሮጌ ወረቀት ያገኛል።

«ከመላኬ በፊት ትንሽ ባስተካክለው ደረጃው ይጨምራል።»

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ነው። የተፋቀ ጠርዝን በብዕር ቀለም መንካት፣ ማዕዘኑ ስል እንዲመስል በምላጭ መከርከም፣ እጥፋትን በጋለ ካውያ መተኮስ፤ ሁሉም እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል። መርማሪው ከደረሰበት ካርዱ ቁጥር አይሰጠውም፤ ወይ ያለ ደረጃ ይመለሳል፣ ወይ «እውነተኛ ነው፣ ነገር ግን ተነካክቷል» የሚል ምልክት ብቻ ይለጠፍበታል። በዚህም ካርዱ ሳይነካ በፊት የነበረውን ዋጋ እንኳ ያጣል።

«መርማሪዎቹ አይሳሳቱም፤ ደረጃው እንደ ሚዛን ነው።»

የመከርከም ወሬ ከተነሣ፣ የዚህኛው አመለካከት መልስ ከዚያው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ፒኤስኤ በ1991 ሥራ ሲጀምር ደረጃ የሰጠው የመጀመሪያው ካርድ አንድ የሆነስ ዋግነር ቲ206 ነበር፤ ያኔ ባለቤቶቹ የሆኪ ተጫዋቹ ዌይን ግሬትስኪና የሆኪ ቡድን ባለቤቱ ብሩስ መክናል ነበሩ። ካርዱ 8 ተሰጠው፤ ለዚያ ዕድሜ የሚያስደንቅ ደረጃ ነው። ይሁንና የጨረታ ነጋዴው ቢል ማስትሮ ካርዱን ቀደም ሲል እርሱ ራሱ ጠርዙን እንደከረከመው በ2013 ለፌዴራል ፍርድ ቤት አመነ። አስገራሚው ነገር ካርዱ አሁንም ከዓለም ውድ ካርዶች አንዱ መሆኑ ነው።

ደረጃ የሰው ዓይን ፍርድ ነው። መርማሪው ማዕዘኑን፣ ጠርዙን፣ ገጹን እንዲሁም ሥዕሉ በነጩ ህዳግ መካከል መቀመጡን ያያል፤ ያንኑ ካርድ ሌላ ቀን ሌላ ሰው ቢያየው 6 የነበረው 5 ወይም 7 ሊሆን ይችላል። መያዣውን ሰብረው ደግመው የሚልኩ ሰዎች ሥራ የቆመው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። እኔ ራሴ የላክሁት የመጀመሪያው የ1950ዎቹ ካርድ 7 ያገኛል ብዬ ስጠብቅ 4 ይዞ ተመለሰ። ተናድጄ መያዣውን ከመብራት ሥር አጋድሜ ሳየው፣ በጀርባው በኩል ቀለሙን ያልሰነጠቀ፣ ፊት ለፊት ሲያዩት ፈጽሞ የማይታይ ስስ ሽብሽብ አገኘሁ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ ካርዱን ሳላጋድም የላክሁት የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ካርድ የማየው በጎን በሚመጣ ብርሃን፣ ፊቱንም ጀርባውንም፣ በአጉሊ መነጽር ነው፤ ካርዶቹ ከማስቲካ ጋር ይሸጡበት ከነበረው መጠቅለያ የተረፈ የሰም እድፍም በዚሁ መንገድ ይገኛል።

«ደረጃ የተሰጠው ካርድ ሁልጊዜ ያተርፋል።»

ሂሳቡን በልብ ወለድ ቁጥር እንየው። አንድ የ1960ዎቹ ካርድ ሳይታሸግ በ60 ዶላር ይሸጣል እንበል፤ ደረጃ 5 ቢያገኝ 90፣ ደረጃ 8 ቢያገኝ 400 ያወጣል። ክፍያው፣ የመላኪያውና የመመለሻው ፖስታ እንዲሁም ኢንሹራንሱ ተደምረው 40 ዶላር ቢሆኑ፣ 8 አገኛለሁ ብሎ የላከው ሰው 5 ሲመለስለት ጭማሪው 30፣ ወጪው ግን 40 ነው፤ ይህም የመሸጫ ድረ ገጹ የሚቆርጠው ሳይታሰብ ነው። ስለዚህ ሂሳቡ መሠራት ያለበት በተመኙት ደረጃ ሳይሆን በሐቀኝነት ከሚጠብቁት በአንድ ዝቅ ባለው ነው። ዋጋ ሲያጣሩም ሻጮች የጠየቁትን ትተው፣ ተመሳሳይ ካርድ በተመሳሳይ ደረጃ በእርግጥ የተሸጠበትን ማየት ይገባል፤ የጠያቂ ዋጋ ምኞት ነው። ክፍያው ራሱ ካርዱ ያወጣል ተብሎ በተገመተው ዋጋ መጠን ይለያያል፤ ካርዱ ከተገመተው በላይ ደረጃ ካገኘ ኩባንያው ተጨማሪ ሊጠይቅ ይችላል። መጠበቅም አለ፦ በ2021 የካርድ ገበያው ሲሟሟቅ ፒኤስኤ በተቆለለበት ሥራ ብዛት አብዛኛውን አገልግሎቱን ለጊዜው አቁሞ ነበር።

«መያዣው ካርዱን ከማንኛውም ጉዳት ይጠብቃል።»

ከመታጠፍና ከጣት ይጠብቀዋል። ከፀሐይ ብርሃን፣ ከእርጥበትና ከቤት ሙቀት ግን አይደለም፤ መስኮት ዳር የተሰቀለ ካርድ እንደታሸገ ቀለሙ ይጠፋል።

«የአያት ቅርስ ከሆነ መታሸግ አለበት።»

ለመሸጥ ያልታሰበ ካርድ ገዢ ስለሌለው ጥርጣሬውን የሚያነሡለት ሰውም የለም። አሲድ የሌለበት ቀጭን የፕላስቲክ ልባስና ጠንከር ያለ መያዣ በጥቂት ሳንቲም ይገኛል፤ በላስቲክ ማሰሩን ብቻ ማቆም ነው፤ ላስቲኩ በሁለቱ ጠርዞች ላይ ጎድጓዳ ጠባሳ ይተዋልና። በኋላ ልጆቹ ለመሸጥ ቢወስኑ ያን ጊዜ መላክ ይችላሉ፤ ካርዱ እንደሆነ የሚቸኩልበት ነገር የለውም።