ጋርቬይ ያልተናገረው ትንቢት

ታሪክ ማስተማር ከጀመርሁ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት፣ የዓለምን ጥቁር ሕዝብ ለማስተባበር ትልቅ ማኅበር ያቋቋመው የማርከስ ጋርቬይ ስም ሲነሣ ይህች ዓረፍተ ነገር ያልተጠቀሰችበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፦ «ወደ አፍሪካ ተመልከቱ፤ ጥቁር ንጉሥ ዘውድ ሲጭን የመዳናችሁ ቀን ቀርቧል።» ተማሪ የፈተና ወረቀቱን ይከፍትባታል፤ የሬዲዮ አዘጋጅ ዝግጅቱን ይዘጋባታል። ባለፈው ሚያዝያ አንድ የሙያ ባልደረባዬ በመጽሐፍ ምረቃ ላይ ከመድረክ አነበባትና አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሲወርድ ጠብቄ «የት ነው የተናገረው? መቼስ ነው?» አልሁት። «ይህማ ሁሉም የሚያውቀው ነው» ብሎኝ ወደ ሻይ ቡናው አለፈ። የታሪክ መምህር እንዲህ ሲመልስልኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ትንንሾቹን ስሕተቶች አስቀድሜ ልለፋቸው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አሜሪካዊ ነው።» ጃማይካዊ ነው። በ1887 ሴንት አንስ ቤይ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ፤ አሜሪካ የገባው በ1916 ነው፤ በ1927 ከዚያ ተባረረ።

«አፍሪካን እየዞረ ሰበከ።» እግሩ አፍሪካን ረግጦ አያውቅም።

«ሰንደቅ ዓላማው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው።» ማኅበሩ በ1920 በኒው ዮርክ ጉባኤው የተቀበለው ቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ነው።

«ራስታ ነበር።» ያደገው በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ኋላ ካቶሊክ ሆነ። ራስታዎች እንደ ነቢይ ማየታቸው የእነሱ እምነት ነው፤ አከብረዋለሁ።

«የሻሸመኔን የራስታዎች ሰፈር የመሠረተው እሱ ነው።» ጋርቬይ በ1940 ለንደን ውስጥ ሞተ። ጃንሆይ መሬቱን የሰጡት ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ የሰጡትም ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር መላኩ በያን በ1937 ኒው ዮርክ ላይ ባቋቋሙት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል ነው። የመላኩን ስም ያነሣልኝ ተማሪ እስካሁን አላገኘሁም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

«የድሆችን ገንዘብ የበላ ሌባ ነበር።» በ1919 ያቋቋመው ብላክ ስታር ላይን የተባለው የመርከብ ኩባንያ አንዱን አክሲዮን በ5 ዶላር እየሸጠ ከሠራተኛውና ከቤት አገልጋዩ ገንዘብ ሰበሰበ፤ ከሰረም። ያርማውዝ የተባለችውን ያረጀች መርከብ በ165 ሺህ ዶላር መግዛት ከባድ የንግድ ስሕተት ነበር። በ1923 የተፈረደበት ግን በፖስታ ማጭበርበር በሚል በአንድ ክስ ብቻ ነው፤ በማስረጃነት የቀረበውም ውስጡ ባዶ የሆነ ፖስታ ነበር። አብረውት የተከሰሱት ሦስት ሰዎች በነጻ ተለቀቁ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኋላ የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) አለቃ የሆነው ኤድጋር ሁቨር ጋርቬይን ከአገር ለማባረር የሚያበቃ የሕግ ጥሰት አለመገኘቱ እንደሚያሳዝነው በማስታወሻው ጽፎ ነበር። ፕሬዚዳንት ባይደን በ2025 ከሞት በኋላ ምሕረት ሰጡት። አክሳሪ ነበር ቢሉኝ እስማማለሁ፤ ሌባ ሲሉኝ ግን ዝም አልልም።

አሁን ወደ ትንቢቱ እንምጣ። ጋርቬይ ሙያው ኅትመት ነው። በልጅነቱ ማተሚያ ቤት ገብቶ የሠለጠነ፣ በሄደበት ሁሉ ጋዜጣ ያቋቋመ ሰው ነው፤ አሜሪካ ላይ «ኔግሮ ወርልድ»ን፣ ጃማይካ ላይ «ብላክማን»ን አሳትሟል። የተናገረውን ያትማል፤ እሱ ባያትመው እንኳ የመንግሥት ሰላዮች እየተከታተሉ ይመዘግቡት ነበር። ያ ሁሉ ወረቀት ተሰብስቦ ብዙ ትልልቅ ቅጽ ሆኖ ወጥቷል። ተመራማሪዎች ያቺን ዓረፍተ ነገር እዚያ ውስጥ ፈልገው አጥተዋታል።

ጥቁር ንጉሥ ይመጣል እያሉ ይሰብኩ ከነበሩት መካከል ጄምስ ሞሪስ ዌብ የተባሉ ሰባኪ አሉ። ጋርቬይ ራሱ ደግሞ በ1930 ኪንግስተን ላይ ስለ አንድ አፍሪካዊ ንጉሥ ዘውድ መጫን የሚተርክ ቴአትር ጽፎ አሳይቷል። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ተፈሪ ሲነግሡ ሰባኪውም፣ ቴአትሩም፣ ንግሡም በሰው አፍ ተቀላቅለው አንድ ትንቢት ቢወጣቸው አይገርመኝም።

የራሱን ቃል የሚፈልግ ሰው ከንግሡ በኋላ በኅዳር 1930 በ«ብላክማን» የጻፈውን ያንብብ። ደስታው ከልብ ነው። ትንቢት ብሎ የጠቀሰው ግን የራሱን ሳይሆን የዳዊትን ነው፦ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች።» እሱና ተከታዮቹ «ኢትዮጵያ» ሲሉ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ሕዝብን ሁሉ ማለታቸው ነበር። የማኅበሩ መዝሙርም ኢትዮጵያን የአባቶቻችን ምድር ይላታል። ዜማውን የደረሰው አርኖልድ ፎርድ እዚህ መጥቶ በ1935 አዲስ አበባ ላይ አረፈ። ይህን እውነተኛ ታሪክ ትተን ያልተባለውን ስናጨበጭብለት ያበሳጨኛል።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ቀጥሎ የመጣውን መደበቃችን ነው። ፋሺስት ሲወርረን ጋርቬይ ሙሶሊኒን በብዕሩ ወጋው። ጃንሆይ ከተሰደዱ በኋላ ግን ፊቱን አዞረባቸው፤ በ1937 ፈሪ ብሎ ጻፈባቸው፤ በነጭ አማካሪዎችና በመንግሥታት ማኅበር ተማምነው ሕዝባቸውን በትምህርትና በመሣሪያ አላዘጋጁም፣ በአገራቸው ባርነት እንዳለ ነው ሲል ወቀሳቸው። ንጉሡ ማይጨው ላይ ራሳቸው ተዋግተዋልና «ፈሪ» ማለቱን እንደ ግፍ እቆጥረዋለሁ። ቃሉ ግን የእሱ ነው፤ በቀኑና በገጹ ይገኛል። ስለዚህ ለመምህራን የምለው ይህን ነው፦ የ1930ውንና የ1937ቱን ጽሑፍ ተርጉማችሁ ጎን ለጎን አስነብቡ። ተማሪ ጥቅስ ሲያመጣ ጋዜጣውንና ቀኑን ጠይቁት፤ ከሌለው ማርክ አትስጡት። እኔ አልሰጥም፤ ልጆቹም ለምደውታል።

ጽሑፎቹን መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ባስነበብሁ ማግስት የአንድ ተማሪ አባት ትምህርት ቤት መጡ። «መምህር፣ ጃንሆይን የሚሰድብ ነገር ለልጄ እንዴት ያስነብባሉ?» አሉኝ። አልተከራከርሁም፤ ቅጂውን ሰጠኋቸው። በሩ ላይ እንደ ቆሙ ሁለቱንም ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ስለ ባርነቱ ያለው ልክ ነው፤ አያቴ ይነግሩን ነበር» አሉኝ።