«አራጎን» አይደለም፣ አራጎርን ነው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር መጻሕፍት አከራያለሁ። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲያይል ልጆቹ ደጃፌ ላይ ባለችው ጥላ ይኮለኮሉና የምናብ ዓለም ጀግኖች ስም እንዴት እንደሚጠራ ይጨቃጨቃሉ። ዳኛዋ እኔ ነኝ፤ ዳኝነቱ ግን ሰልችቶኛል።

«ፊልሙ ላይ እንዲህ ነው የሚሉት።» በሃሪ ፖተር ፊልም የክፉው ጠንቋይ የቮልደሞርት «ት» ትሰማለች፤ ደራሲዋ ግን በ2015 እ.ኤ.አ. አትሰማም ብላለች። ሐረር ያለውን የራምቦን ቤት አስቡት። የፈረንሳዩ ገጣሚ ስም በላቲን ሲጻፍ ጭራው ላይ «ዲ» አለችው፤ የሐረር ሰው ሲጠራት ግን ሰምቼ አላውቅም።

«እንግሊዞቹ አይሳሳቱም።» አቦ ተዉኝ! የሃሪ ፖተርን ጓደኛ ሄርማይኦኒን እነሱም ስላበላሿት ነው በአራተኛው መጽሐፍ ልጅቷ ራሷ ስሟን ቆራርሳ የምታስጠናው።

የሚያቃጥለኝ ግን ይሄ ነው፦ «ስሙ የእንግሊዝኛ ስለሆነ ‹ር›ን ዋጥ ማድረግ ነው።» ባለፈው አንድ የመጋላ ሰፈር ልጅ የ«የቀለበቶቹ ጌታ»ን ጀግና ምላሱን እያርገበገበ «አራጎርን» አለው። ሳቁበት። አንዷማ «አራጎን በል እንጂ፣ ገጠሬ!» አለችው። ልጁ መጽሐፉን መልሶ ሊሄድ ሲነሳ እጁን ይዤ አስቀመጥኩትና «የቀለበቶቹ ጌታ»ን ሦስተኛ ቅጽ ከኋላው ገለጥኩ። ደራሲው ቶልኪን የቋንቋ መምህር ነበር፤ በ1955 እ.ኤ.አ. በወጣው በዚህ ቅጽ መጨረሻ የስሞቹን አነባበብ አስቀምጧል። «ር» የትም ቦታ ትርገበገባለች፣ ከተነባቢ በፊትም አትዋጥም ይላል። ይህች «ር» እኛ ከእናታችን ጋር የምናወራባት ናት። ምላሱን ማሠልጠን ያለበት እንግሊዙ ነው!

እዚያው ሳላችሁ የቀረውንም አንብቡት። የላቲኗ «ሲ» (C) ሁልጊዜ «ክ» ናት፤ ስለዚህ ኬሌቦርን እንጂ ሴሌቦርን የለም። ሳውሮንም ሶሮን አይደለም። ድርብ ፊደል ይጠብቃል፦ ሮሂሪም ስትሉ «ሪ»ን አጥብቁ። «በፊደላችን ከጻፍነው አለቀ» የምትሉ እዚህ ላይ ትወድቃላችሁ። በዓሉ ገና ይጠብቃል፣ «ገና አልመጣም» ስንል ይላላል፤ ፊደሉ ግን ያው ነው። እኔ ጋ ሦስተኛውን ቅጽ ከጀርባው ሳያይ የመጀመሪያውን የሚከራይ የለም።

በሳምንቱ አንድ ፈረንጅ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ሊጠይቅ ቆመና ከተማችንን በእንግሊዝኛ አነባበብ «ዳየር ዳዋ» አላት። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አራጎን» ባይዋ ደግሞ ከሁሉም በላይ።